ወኪሉ አምራቹን የቀደመበት የስፖርት ጫማ ገበያ

የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም አጨበጨበ። ለጫማ ነጋዴዎች ግን ነገሩ ደስታ ብቻ አልነበረም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ያለ ጫማ ሮጦ አንደኛ መውጣት ከተቻለ የሩጫ ጫማ ለምን ይገዛል የሚል ጥያቄ ይነሳልና። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቀጣዩ ዓመት አበበ ለማይኒቺ ማራቶን ወደ ጃፓን ሲሄድ የኦኒትሱካ ኩባንያ መሥራች ሚስተር ኪሀቺሮ ኦኒትሱካ ራሳቸው ቀርበው «ታይገር» የተሰኘውን ጫማቸውን እንዲያደርግ አግባቡት። መጀመሪያ ቢያመነታም ኋላ ተስማማ፤ ውድድሩንም አሸነፈ። በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ሲያጠልቅ ደግሞ እግሩ ላይ የነበረው የጀርመኑ ፑማ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ በባዶ እግሩ፣ በጃፓን ጫማና በጀርመን ጫማ ሮጦ ድል አድርጓል ማለት ነው።

በዚያው በ1964 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው «ብሉ ሪበን ስፖርትስ» የሚባል አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። አንደኛው የሒሳብ ባለሙያው ሚስተር ፊል ናይት፣ ሁለተኛው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ ሚስተር ቢል ባወርማን ናቸው። ድርጅቱ ፋብሪካ ቀርቶ አንድ የስፌት መኪና አልነበረውም። ሥራው ያንኑ የኦኒትሱካ ጫማ ከጃፓን እያስመጣ በአሜሪካ መሸጥ ነበር። በእኛ የንግድ ቋንቋ ወኪል አስመጪ ነው። ዛሬ ናይኪ እየተባለ የሚጠራው ኩባንያ ያ ወኪል ነው።

የስፖርት ጫማና አልባሳት ኩባንያዎችን ፉክክር ለመረዳት የሚፈልግ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል። ጫማ መስፋት ለማንም ክፍት የሆነ ሥራ ነው፤ ገንዘብና ዲዛይን የያዘ ሰው የሚሰፋለት ፋብሪካ አያጣም። ለማግኘት የሚያስቸግረው ስምና የሱቅ መደርደሪያ ነው። ላለፉት 60 ዓመታት በዚህ ገበያ ከላይ የነበረው ሲወርድ፣ ከታች የነበረው ሲወጣ የታየው በአብዛኛው ባለቤቱ ከሁለቱ አንዱን ባላላ ጊዜ ነው።

ከመኪና ላይ ሽያጭ እስከ ፍርድ ቤት

ሚስተር ናይት በስታንፎርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሳሉ ያቀረቡት የጥናት ጽሑፍ አንድ ቀላል ሐሳብ ነበረው። የጃፓን ካሜራ የጀርመንን ካሜራ ከገበያ እንደገፋ ሁሉ የጃፓን ጫማም የጀርመንን ጫማ ሊገፋ ይችላል የሚል ነው። በወቅቱ የጀርመን የስፖርት ጫማ ማለት አዲዳስና ፑማ ማለት ነበር። በ1962 ወደ ኮቤ ከተማ ሄደው ከኦኒትሱካ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ የየትኛው ድርጅት ተወካይ እንደሆኑ ተጠየቁ። ድርጅት አልነበራቸውም፤ «ብሉ ሪበን» የሚለውን ስም እዚያው ፈጥረው ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ ቀን ቀን በሒሳብ ሥራ ደመወዝ እያገኙ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ጫማውን በመኪናቸው ጭነው ወደ አትሌቲክስ ሜዳዎች እየሄዱ ለሯጮችና ለአሠልጣኞች ይሸጡ ጀመር። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 8 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

ብርቱ ወኪል ግን ዕቃ ተቀብሎ መሸጥ ላይ አይቆምም። ሚስተር ባወርማን ጫማውን እየቀደዱ ያዩ፣ ሶሉን ያሻሽሉ፣ በሯጮቻቸው እግር ላይ ይሞክሩና ሐሳባቸውን ወደ ጃፓን ይልኩ ነበር። «ኮርቴዝ» የተባለው ታዋቂ ሞዴል የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ቀስ በቀስ ገዢው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ሞዴል ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ሯጩን የቱ ጋ እንደሚያመው የሚያውቀው አምራቹ ሳይሆን ወኪሉ ሆነ። አምራቹ የቀረው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካ ደግሞ ሌላ ቦታም ነበረ።

በ1971 ግንኙነቱ ተበላሸ። ወኪሉ ኦኒትሱካ ከጀርባው ሌላ አከፋፋይ ያፈላልጋል ሲል ከሰሰ፤ ኦኒትሱካም ወኪሉ በስውር የራሱን ምልክት የለጠፈ ጫማ ያሠራል አለ። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አልነበሩም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1974 ሲቋጭ ሁለቱም ሞዴሉን መሸጥ እንዲቀጥሉ ተፈቀደ፤ «ኮርቴዝ» የሚለው ስም ግን ለአሜሪካዊው ድርጅት ጸና። ኦኒትሱካ ያንኑ ጫማ «ኮርሴር» ብሎ መሸጥ ግድ ሆነበት። ጫማው አንድ ነው፤ የገበያው ዕድል ግን ስሙን ተከትሎ ሄደ። ኦኒትሱካ በ1977 ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ አሲክስ ሆኗል።

ናይኪ የሚታወቅበትን የክንፍ ቅርጽ ምልክት ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች የዲዛይን ተማሪ በ1971 ስትሠራ የተከፈላት 35 ዶላር ነው። ኩባንያው ሀብታም ከሆነ በኋላ በ1983 አክሲዮን በስጦታ ሰጥቷታል። የምልክት ዋጋ መጀመሪያ ላይ ለማንም እንደማይታይ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አስመጪዎችን ይበልጥ ሊያነጋግር የሚችለው ግን የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የብሉ ሪበን ሽያጭ በየዓመቱ በእጥፍ ቢያድግም ካዝናው ባዶ ነበር። ለአንድ ጭነት ኤልሲ ይከፈታል፤ ዕቃው በባሕር ተጓጉዞ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፤ ቸርቻሪው ደግሞ በዱቤ ወስዶ ቆይቶ ይከፍላል። ሽያጩ ባደገ ቁጥር የሚታሰረው ገንዘብም ያድጋል። በ1975 ቼኮች ያለ ስንቅ ተመለሱ፤ የድርጅቱ ባንክም ሒሳቡን ዘጋ። ያዳነው ኒሾ ኢዋይ የተባለው የጃፓን የንግድ ኩባንያ ነው። ኒሾ የባንኩን ዕዳ ከፍሎ፣ ኮሚሽንና ወለድ እየወሰደ የአስመጪነቱን ወጪ መሸፈኑን ቀጠለ።

ከዚህ ጭንቀት የተወለደው ዘዴ «ፊውቸርስ» ይባላል። ቸርቻሪው የሚፈልገውን ጫማ ከስድስት ወር በፊት ያዛል፤ ያዘዘውን ደግሞ መሰረዝ አይችልም። በምላሹ የዋጋ ቅናሽና ዕቃው በእርግጠኝነት እንደሚደርሰው ዋስትና ያገኛል። ኩባንያው የተፈረመውን የትዕዛዝ ወረቀት ይዞ ለፋብሪካው ቁርጥ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ለአበዳሪውም ዕቃው ከመሠራቱ በፊት መሸጡን ያሳያል። ያልተሸጠ ዕቃ መጋዘን ይዞ የመቅረት ሥጋት ከአስመጪው ትከሻ ወርዶ በቸርቻሪው ላይ ይወድቃል። ናይኪ አክሲዮኑን ለሕዝብ ከሸጠ በኋላም የኒውዮርክ ባለአክሲዮኖች ለዓመታት ከትርፉ እኩል በጉጉት የሚጠብቁት ይህንኑ የቅድሚያ ትዕዛዝ ቁጥር ነበር። ስለ ናይኪ ሲወራ ስመ ጥር አትሌቶቹ ይነሳሉ፤ ይህ ወረቀት ግን ከብዙዎቹ ይበልጥ ለኩባንያው ሮጦለታል።

ጎረቤታሞቹ

አሜሪካ ውስጥ ይህ ሁሉ ሲሆን ባለ ገበያዎቹ ጀርመኖች ምን ይሠሩ ነበር? እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበር።

አዶልፍና ሩዶልፍ ዳስለር የተባሉ ወንድማማቾች በባቫሪያዋ ትንሽ ከተማ በሄርዞገናውራክ በ1924 የጫማ ፋብሪካ አቋቋሙ። ጄሲ ኦዌንስ በ1936 በርሊን ላይ የሮጠው በእነርሱ ጫማ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወንድማማቾቹ ተጣሉ፤ በ1948ም ተለያዩ። ሩዶልፍ ፑማን መሠረተ፤ አዶልፍ በቅጽል ስሙ «አዲ» እና በአባቱ ቤተሰብ ስም መጀመሪያ አዲዳስ ብሎ በ1949 አስመዘገበ። ሁለቱ ፋብሪካዎች በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሆኑ። የከተማዋም ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ሰው ከሰው ጋር ከመነጋገሩ በፊት ዝቅ ብሎ የትኛውን ጫማ እንዳደረገ ያይ ስለነበር ከተማዋ «አንገት ደፊዎች» የሚል ስም እስከ ማትረፍ ደርሳለች።

ፉክክሩ ለሁለቱም ጠቅሟቸዋል። በ1954 በርን ላይ ምዕራብ ጀርመን ሀንጋሪን 3 ለ 2 አሸንፎ የዓለም ዋንጫ ሲወስድ ተጫዋቾቹ በዝናብ ሜዳ ላይ ጥርሱ የሚቀያየር የአዲዳስ ታኬታ አድርገው ነበር። በ1960 ሮም ላይ ደግሞ ጀርመናዊው አርሚን ሀሪ 100 ሜትርን በፑማ ሮጦ አሸነፈና ሽልማቱን ሊቀበል አዲዳስ አድርጎ ወጣ። ከሁለቱም ሊጠቀም ያሰበ ይመስላል። በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ላይ ፔሌ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ጎንበስ ብሎ የፑማ ጫማውን ክር ሲያስር ካሜራው ቀርቦ አሳየው። ሁለቱ ድርጅቶች ዋጋው እንዳይንር በፔሌ ላይ ላለመጫረት ተስማምተው ነበር፤ ስምምነቱን ፑማ አፈረሰው ተብሎ እስከ ዛሬ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ አትሌት ጫማ በነፃ ሲሰጠው የሚያመሰግንበት ዘመን አበቃ፤ በጨረታ የሚቀርብ ሆነ።

ይሁን እንጂ ዓይናቸውን ከወንዙ ማዶ ያላነሱት ጎረቤታሞች ከውቅያኖሱ ማዶ የሆነውን ዘግይተው አዩት። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የቢሮ ሠራተኛ ጠዋት ተነስቶ ለጤናው መሮጥ ጀመረ። ይህ ሰው ሻምፒዮን አይደለም፤ ቁጥሩ ግን በሚሊዮን ነው፤ በየዓመቱም ጫማ ይቀይራል። በ1980 ናይኪ የአሜሪካን የስፖርት ጫማ ገበያ ግማሽ ያህል ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አክሲዮኑን በ22 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። የአዲዳስ ቤተሰብ በበኩሉ አባት በ1978፣ ሥራውን የያዘው ልጃቸው ሆርስት በ1987 ከሞቱ በኋላ በ1990 ኩባንያውን ለፈረንሳዊው ነጋዴ በርናር ታፒ ሸጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮበር ሉዊ ድሬፉስ የመሩት ቡድን ተረክቦ የምርት ሥራውን ወደ እስያ አዛወረ፤ ለማስታወቂያ የሚወጣውን ገንዘብ ጨመረ፤ በ1995ም አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። በሌላ አነጋገር አዲዳስ የተረፈው የናይኪን አሠራር ተቀብሎ ነው።

ሴቶቹን ያየ

ናይኪም ቢሆን ከፍታው ላይ እንቅልፍ ጥሎት ያውቃል። ሪቦክ ሥሩ እስከ 1895 የሚደርስ የእንግሊዝ የጫማ ቤት ነው። በ1979 ሚስተር ፖል ፋየርማን የተባሉ አሜሪካዊ የስፖርት ዕቃ ነጋዴ የአሜሪካ ወኪልነቱን ወሰዱ። እንደገና ወኪል መሆኑን ልብ ይሏል። በ1982 በሙዚቃ ለሚደረገው የኤሮቢክስ እንቅስቃሴ ለሴቶች ብቻ ተብሎ «ፍሪስታይል» የሚባል ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ ጫማ አወጡ። ሴቶቹ ለስፖርት ገዙት፤ ከዚያም ወደ ገበያና ወደ ሥራ አደረጉት። የሪቦክ ሽያጭ በ1983 ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1987 1.4 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። የሩጫውን ሰዓት ሲቆጥር የነበረው ናይኪ በአገሩ ገበያ ተቀደመ።

ናይኪን የታደገው ከሪቦክ ጋር በኤሮቢክስ ላይ መፋለም አልነበረም። በ1984 ማይክል ጆርዳንን፣ ገና ፕሮፌሽናል ጨዋታ ያልጀመረ የ21 ዓመት ወጣት፣ በስሙ ጫማ ለማውጣት አስፈረመ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጫማ በመጀመሪያው ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ አስገባ። ሪቦክ ግን ከፋሽኑ ጋር መጣ፤ ፋሽኑ ሲያልፍ ቀዘቀዘ። አዲዳስ በ2006 በ3.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ሁለተኛና ሦስተኛ ሲደመሩ አንደኛን ያሸንፋሉ የሚለው ስሌት በወረቀት ላይ ያምር ነበር፤ በሱቅ ግን አልሠራም። በ2021 ለአሜሪካው ኦተንቲክ ብራንድስ ግሩፕ ቢበዛ በ2.1 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚሸጠው አስታወቀ፤ ሽያጩ በ2022 ተጠናቀቀ።

100 ዶላሩ የት ይገባል

በሱቅ 100 ዶላር የሚሸጥ የስፖርት ጫማ በንግዱ የተለመደው አከፋፈል ሲታይ ግማሹ፣ 50 ዶላር ገደማ፣ የቸርቻሪው ነው። ቸርቻሪው ከዚህ ላይ የሱቅ ኪራይና ደመወዝ ይከፍላል፤ ያልተሸጠለትንም በቅናሽ ያወርዳል። ከቀሪው 50 ውስጥ 25 ገደማው ለፋብሪካው ይከፈላል፤ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ቆዳውና ጨርቁ፣ ሶሉና የፋብሪካው ትርፍ ሁሉ ከዚያ ውስጥ ነው። ጥቂት ዶላር ለመርከብና ለቀረጥ ይሄዳል። የተረፈው የምልክቱ ባለቤት ነው፤ እርሱም ከዚያ ላይ ማስታወቂያና አትሌት ይከፍላል።

ናይኪ በ2024 የበጀት ዓመቱ 51.4 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ለማስታወቂያና ለስፖርተኞች ውል 4.3 ቢሊዮን ዶላር አውጥቷል። ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ሽያጭ ከ8 ዶላር በላይ ጫማውን ለመሥራት ሳይሆን እንዲፈለግ ለማድረግ ዋለ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ከናይኪ ጫማዎች ግማሹ የተሠራው በቬትናም፣ 27 በመቶው በኢንዶኔዥያ፣ 18 በመቶው በቻይና በሌሎች ሰዎች ፋብሪካ ነው። እንደ ታይዋኑ ፖው ቼን ያሉ ታላላቅ የስፌት ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ለናይኪም ለአዲዳስም ይሠራሉ። ሱቅ ውስጥ ጠላት የሆኑት ሁለት ጫማዎች በአንድ ባለቤት ሥር ተሰፍተው ሊሆን ይችላል። በመርካቶ ጫማ ተራ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጅድ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በከንቱ አይደለም፤ ሰው 100 ዶላር የሚከፍለው በጎኑ ላለው ምልክት መሆኑን አስመሳዩም ያውቃል።

ይህ አሠራር ዕዳም አለበት። አሜሪካ በ2025 ኤፕሪል 2 በቬትናም ዕቃ ላይ 46 በመቶ ቀረጥ እንደምትጥል ስታስታውቅ በማግስቱ የናይኪ አክሲዮን 14 በመቶ ገደማ ወደቀ። ቀረጡ ኋላ በድርድር ቢቀነስም፣ ፋብሪካ የሌለው ኩባንያ ፋብሪካው ካለበት አገር ችግር ነፃ እንዳልሆነ በአንድ ቀን ታየ።

የእኛ ሯጮች በዚህ ስሌት ውስጥ ያላቸው ቦታ ከዚሁ ከማስታወቂያው ሣጥን ነው። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የገባው በአዲዳስ ነው። አትሌት ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እዚያው በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ የሮጠው በናይኪ ሲሆን፣ በ2023 ቫሌንሲያ ላይ ሲሮጥ ግን የቻይናውን አንታ አድርጎ ነበር። የአዲስ ተፎካካሪን መምጣት ከኩባንያ መግለጫ በፊት ከሯጭ እግር ላይ ማንበብ ይቻላል። አትሌት ትዕግሥት አሰፋ በሴፕቴምበር 2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር ሲሆን አምራቹ ራሱ ከአንድ ማራቶን ብዙም ለማያልፍ አገልግሎት እንደተሠራ ተናግሯል። መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው 521 ጥንድ ብቻ ነው። ከ521 ጥንድ የሚገኝ ትርፍ ለአዲዳስ ምኑም አይደለም። የተሸጠው ክብረ ወሰኑን የሚያሳየው ፎቶግራፍ ነው፤ በፎቶግራፉም በሚሊዮን የሚቆጠር የ100 ዶላር ጫማ ይሸጣል።

ቸርቻሪውን ያሰናበተ

ከ100 ዶላሩ 50ው ለቸርቻሪ እንደሚሄድ ያየ የኩባንያ ሹም ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም። ናይኪ በ2017 ከሺዎቹ ቸርቻሪዎች ውስጥ 40 በሚሆኑ የተመረጡ አጋሮች ላይ እንደሚያተኩር፣ በራሱ ሱቅና በስልክ መተግበሪያ በቀጥታ ለገዢው መሸጥን እንደሚያስቀድም አስታወቀ። በጃንዋሪ 2020 ከቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የመጡት ሚስተር ጆን ዶናሆ ሥራ አስኪያጅ ሲሆኑ ነገሩ ፈጠነ። ወዲያው የኮሮና ወረርሽኝ ሱቆችን ዘጋ፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ማዘዝ ጀመረና ስሌቱ ትክክል መሰለ። በፌብሩዋሪ 2022 ፉት ሎከር የተባለው ትልቅ የጫማ ሱቆች ድርጅት ከናይኪ የሚያገኘው ዕቃ እንደሚቀንስ ሲናገር አክሲዮኑ በአንድ ቀን 30 በመቶ ገደማ ወደቀ። በዚያ ሰሞን ናይኪ አሸናፊ፣ ቸርቻሪው ተሸናፊ ይመስል ነበር።

ሆኖም የቸርቻሪው 50 ዶላር በነፃ የሚወሰድ አልነበረም። ቸርቻሪው ሲሄድ ኪራዩ፣ ማድረሱ፣ የሚመለሰው ዕቃና ከሁሉም በላይ ክምችቱ ወደ ኩባንያው ዞረ። በ1970ዎቹ በቅድሚያ ትዕዛዝ ወደ ሱቁ የተገፋው ሥጋት ተመልሶ መጣ። በኦገስት 2022 መጨረሻ የናይኪ መጋዘኖች 9.7 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ይዘው ነበር፤ ከቀዳሚው ዓመት በ44 በመቶ የበለጠ ነው። ዕቃውን ለማውረድ ቅናሽ ተጀመረ። ቅናሽ ደግሞ ስምን ይበላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ የከፋ ነው። ሱቅ መደርደሪያውን ባዶ አያስቀምጥም። ናይኪ የለቀቀውን ቦታ ሌሎች ሞሉት። ኦን የተባለው በ2010 በስዊዘርላንድ ዙሪክ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ከሦስቱ መሥራቾች አንዱ ኦሊቪየር በርንሃርድ የቀድሞ ስፖርተኛ ሲሆኑ፣ የጫማው ሐሳብ የተነሳው ከሶል በታች ከተለጠፈ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቁራጭ ነው። የቴኒሱ ሮጀር ፌደረር በ2019 ገንዘቡን አስገባበት፤ በ2021 ድርጅቱ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ፤ በ2024 ሽያጩ 2.3 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ደረሰ። ሆካ ደግሞ በ2009 በፈረንሳይ የተጀመረ ነው። ሶሉ ወፍራም በመሆኑ መጀመሪያ ያሾፈበት ብዙ ነበር። የአሜሪካው ዴከርስ በ2013 ገዛው፤ እስከ ማርች 2025 በነበረው የበጀት ዓመት 2.2 ቢሊዮን ዶላር ሸጧል። ሁለቱም ያደጉት ባለሙያ ሻጭ ቆሞ የገዢውን አረማመድ አይቶ «ይህን ሞክር» በሚልባቸው የሩጫ ሱቆች በኩል ነው። ናይኪ ያሰናበተው ሻጭ ለተፎካካሪው ሰበከለት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ኦኒትሱካ በወኪሉ የደረሰበት በሌላ መልክ በራሱ በወኪሉ ላይ ደረሰ።

በጁን 28 ቀን 2024 ናይኪ ሽያጩ እንደሚቀንስ ከተናገረ በኋላ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 20 በመቶ ወደቀ። በኩባንያው ታሪክ የከፋው ቀን ነው፤ 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን የአክሲዮን ዋጋ ጠፋ። በቀጣዩ የበጀት ዓመት ሽያጩ ከ51.4 ወደ 46.3 ቢሊዮን ዶላር ወረደ።

ሄርዞገናውራክ ውስጥም ነገሩ የተረጋጋ አልነበረም። አዲዳስ ለዓመታት የተማመነበትን ከዘፋኙ ካንዬ ዌስት ጋር የነበረውን ውል በኦክቶበር 2022 አፍርሶ በ2023 ከ30 ዓመት በላይ አይቶት የማያውቀውን የዓመት ኪሳራ አስመዘገበ። ያነሱት በጃንዋሪ 2023 የመጡት ሚስተር ቢዮርን ጉልደን ናቸው፤ የመጡት ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ከፑማ ነው። እርሳቸው «ሳምባ» የተባለውን የቆየ ጫማ ከፍ አድርገው ከቸርቻሪዎች ጋር የነበረውን ግንኙነት አደሱ፤ የ2024 ሽያጭም 23.7 ቢሊዮን ዩሮ ሆነ። ፑማ በበኩሉ ሲዳከም በጁላይ 2025 ሥራ አስኪያጅ ያመጣው ከአዲዳስ ነው። የዳስለር ወንድማማቾች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ናይኪ በኦክቶበር 2024 ሚስተር ዶናሆን በሚስተር ኤልየት ሂል ተካ። ሚስተር ሂል በ1988 በሥራ ልምምድ ተቀጥረው በሽያጭ ክፍል ያደጉ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያ ሥራቸው አንዱ የተሰናበቱትን ቸርቻሪዎች መልሶ ማነጋገር ነበር። ኩባንያው በ2019 ትቶት የነበረውን አማዞንንም በ2025 ተመልሶ እንደሚጠቀም አስታወቀ።

ቸርቻሪዎቹ ግን እንደ ተሰናበቱበት ቀን ሆነው አልጠበቁም። በ2025 ዲክስ የተባለው ግዙፍ የስፖርት ዕቃ መደብር ፉት ሎከርን በ2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛ። ናይኪ ቀድሞ ለየብቻ ይደራደራቸው የነበሩ ሁለት ትላልቅ ደንበኞቹ አሁን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ይጠብቁታል፤ በመደርደሪያቸው ላይም ኦንና ሆካ አሉ።